ለአዳማ አቧራ የትኛው አጠባ ይሻላል? የመኪናን ቀለምና መስታወት ቤት ለማጽዳት የንጽጽር መመሪያ

ጠዋት የተወለወለ ኮፈን ማታ ላይ በጣት ስም ይጻፍበታል፤ አዳማ ላይ መኪና የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ከተማዋን የስምጥ ሸለቆ ነፋስ አይለያትም፤ በዙሪያዋ ባሉት ከፍታዎች ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የቆሙትም ለዚሁ ነው። ነፋሱ የሚያነሳው አቧራ ግን ልስልስ ያለ የማሳ አፈር ብቻ አይደለም። አካባቢው የእሳተ ገሞራ መሬት ነው፤ ግንበኛ ቀይ አሽ የሚለው ድንጋይ፣ ነጣ ያለው ፑሚስና የደቀቀ አመድ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሏል። የእሳተ ገሞራ አመድ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጠርዙ የሾለ የመስታወት ስብርባሪ ነው።

ቀለሙን የሚሸፍነው ቫርኒሽ ደግሞ በአብዛኛው መኪና ላይ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። ያን ስብርባሪ በደረቅ ጨርቅ እዚያ ላይ ማሸት በብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈግ ብዙም አይለይም። ጥቁር መኪና ፀሐይ ላይ ሲቆም ኮፈኑ ላይ የሚታየው፣ የሸረሪት ድር የመሰለው ጭረት የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን መንገዶች ያወዳደርናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ጨርቅ ቀለሙን ከመንካቱ በፊት አሸዋው በምን ይወርዳል?

የአጠባ መንገዶቹ

በደረቅ ጨርቅ ወይም በላባ ማራገፍ ፈጣኑ ነው፤ የከፋውም እሱ ነው። አሸዋውን የሚያነሳው ምንም ነገር የለም፤ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እየጎተተ ነው የሚሄደው። ነጭና ብርማ ቀለም ላይ ጉዳቱ ቶሎ አይታይም፤ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ቀይ ላይ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ይወጣል። ሥራ ቦታ ከመድረሳችሁ በፊት መኪናው አቧራ መስሎ ከታያችሁ ተዉት፤ መስታወቱን ብቻ አጽድታችሁ ሂዱ።

አንድ ባልዲ፣ አንድ ስፖንጅና አንድ ጆግ አብዛኛው ግቢ ውስጥ የሚደረገው ነው። ችግሩ ያለው ስፖንጁ ላይ ነው፤ ከፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የስፖንጁ ፊት ጠፍጣፋ ስለሆነ አሸዋው ወደ ውስጥ አይገባም፤ በስፖንጁና በቀለሙ መካከል ተጣብቆ ይጎተታል። ከዚያ ስፖንጁ ወደዚያው ባልዲ ይገባል፣ ያወረደውን አሸዋ መልሶ ይዞ ይወጣል። አጥባችሁ ስትጨርሱ ባልዲውን ቀስ ብላችሁ ድፉትና ታቹን እዩ፤ የተኛው ደለል ሁሉ አጠባው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መኪናውን የዞረ ነው።

ሁለት ባልዲ ይህን ብቻ ያርማል፤ አንዱ የሳሙና፣ ሌላው የንጹህ ውሃ። በስፖንጁ ፋንታ የሚያዘው ጸጉራም የማጠቢያ ጓንት ከመኪናው ወደ ሳሙናው በቀጥታ አይሄድም፤ መጀመሪያ ንጹሁ ውሃ ውስጥ ታጥቦ ነው የሚሄደው። ለቪትዝ ወይም ለኮሮላ መጠን ያለው መኪና ከ60 እስከ 70 ሊትር ውሃ ይበቃል፦ 20 ሊትር ለመጀመሪያው ማለቅለቅ፣ ሁለት ባልዲ በ10 በ10፣ የቀረው ለመጨረሻው። ማለትም ሦስት ጀሪካን ተኩል ቢበዛ። ለሃይሉክስ አንድ ጀሪካን ጨምሩ። ለአዳማ የምንመርጠው ይህንን ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ከሮቶ ተቀድቶ ይሠራል።

በውሃ ጎማ ወይም በግፊት ማሽን ማጠብ አሸዋን በማውረድ የሚወዳደረው የለም፤ የደረቀ ጭቃ ለወጣበት ፒክአፕም ግድ ይሆናል። ነገር ግን ክፍት ጎማ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ያፈስሳል፤ ሩብ ሰዓት ከተለቀቀ 150 ሊትር አለፈ። ማሽን ካላችሁ ጫፉን ከቀለሙ 30 ሳንቲ ሜትር አርቁ፣ ቀለሙ በተላጠበት፣ ስቱኮ በተሞላበትና አርማ በተለጠፈበት ቦታ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ። በስቱኮ ላይ የተቀባ ቀለም አንዴ ጠርዙ ከተነሳ የግፊት ውሃ እንደ ልጣጭ ይገፈዋል። ላቫጆ ለሚወስዱም አንድ ነገር፦ ማሽኑ ችግር የለበትም፣ ችግሩ ከጭቃ ጎማ ወደ ኮፈን የሚሄደው የጋራ ስፖንጅ ነው። የራሳችሁን ጓንትና ፎጣ ይዛችሁ ብትሄዱ ማንም አይከፋበትም።

ያለ ማለቅለቅ የሚታጠብበት ሳሙና ውሃ ለሚቸገር ሰው ጥሩ ፈጠራ ነው። አሸዋውን የሚከብቡና የሚያንሸራትቱ ፖሊመሮች አሉበት፤ የተለመደው መጠን 30 ሚሊ ሊትር በ7.5 ሊትር ውሃ ነው፣ ከዚያ በኋላ አይለቀለቅም፣ ይደርቃል እንጂ። በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ካገኛችሁት በየሁለት ሦስት ቀኑ ለሚጸዳ፣ ስስ አቧራ ብቻ ላረፈበት መኪና ተጠቀሙበት፤ ከወንጂ ወይም ከሶዶሬ መንገድ ጭቃ ለብሶ ለመጣ አይሆንም። በጠርሙስ ተረጭቶ ወዲያው የሚወለወለው «ያለ ውሃ» የሚባለው ስፕሬይ ግን ከዚህ ጋር እንዳይምታታባችሁ። ለአዳማ አቧራ ፈሳሹ እጅግ ያንሳል፤ አንመክረውም። የወፍ ኩስ ለማንሳት መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፣ በቃ።

ኦሞ፣ ላርጎ ወይስ የመኪና ሻምፖ?

ኦሞ ለልብስ የተሠራ ነው። የዱቄት ሳሙና ውሃው ውስጥ አልካላይ ነው፤ ቀለሙን ለመጠበቅ የሚቀባውን ሰም፣ ዋክሱን፣ ይገፋል፣ ያልሟሟው ቅንጣት በራሱ ይጭራል፣ በሙቀት ሲደርቅ ደግሞ ነጭ ቅሪት በስፖኪዮው ስርና በበር ጎማው ላይ ይተዋል። የግድ ሆኖ ከሌለ በቀር አይሁን። ላርጎና ሌላው የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና ከኦሞ ይሻላል፤ ግን እሱም ስብ ለመግፈፍ ስለተሠራ ዋክስ አይተውም። ከዚህ ጠባዩ የምንጠቀምበት ጊዜ አለ፦ መኪናውን ፖሊሽ ከማድረግ በፊት የድሮውን ዋክስ ማንሳት ስንፈልግ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በ10 ሊትር። በረኪና ግን በምንም ምክንያት ቀለም ላይ አይደርስም፤ ብረቱንም ጎማውንም ይበላል።

የመኪና ሻምፖ የሚለየው ማለስለሱ ላይ ነው፤ ጓንቱ እንዲንሸራተት ያደርጋል፣ ዋክሱንም ይተዋል። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ አረፋ እንዲበዛ ብሎ እጥፍ መጨመር ለማለቅለቅ ተጨማሪ ጀሪካን ከመጨረስ ሌላ ጥቅም የለውም።

ናፍጣ በውሃ በጥብጦ መወልወል እንዲያብለጨልጭ የሚያደርግ ይመስላል፤ ለአንድ ቀን ያህልም እውነት ነው። የሚያብለጨልጨው የቀረው ዘይት ነው፤ ማግስቱን አቧራው እዚያ ዘይት ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ በኋላ በውሃ ብቻ አይወርድም። የበርና የመስታወት ጎማዎችም ናፍጣ ሲነካቸው እያበጡ ይለሰልሳሉ። የመኪና ጎማ በናፍጣ ማጥቆርም እንዲሁ፤ ጎማው ቶሎ እንዲሰነጣጠቅ ነው የሚያደርገው።

በሁለት ባልዲ ማጠብ፣ በቅደም ተከተል

ሰዓቱን ምረጡ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ ፀሐዩም ነፋሱም ገና ነው። የእጃችሁን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳርፉት፤ ሙቀቱ ካስነሳችሁ አትጀምሩ፣ ወደ ጥላ አስገቡትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በሞቀ ብረት ላይ ሳሙና በሁለት ደቂቃ ይደርቃል፤ ነፋስ ካለበት ከዚያም ይፈጥናል። ጥላ ስትመርጡ ግን ከግራር ሥር አታቁሙት፣ ሙጫው ይንጠባጠባል።

ጎማዎችንና ቸርኬዎችን አስቀድሙ፤ በራሳቸው ጨርቅና በራሳቸው ባልዲ። የፍሬን ሸራ ብናኝ ውስጥ የብረት ቅንጣት አለ፤ ያ ጨርቅ ወደ አካሉ አይመለስም።

ከዚያ ማለቅለቅ። የውሃ ጎማ ከሌላችሁ ጆግ ብቻ ብትደፉ ውሃው በአንድ በኩል ይፈስሳል፣ አሸዋው ባለበት ይቀራል። ይልቅ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ፣ ክዳኑን በጋለ ቀጭን ምስማር ስምንት አሥር ቦታ ብሱት፣ ሞልታችሁ ጨመቅ ጨመቅ እያደረጋችሁ ከጣሪያው ጀምራችሁ ወደ ታች አልቅልቁ። የአትክልት ማጠጫም ይሠራል። ከሁሉ የሚሻለው ለአበባ የሚሸጠው በእጅ የሚነፋ ሁለት ሊትር መርጫ ነው፤ ግን አዲስ ይሁን፣ ፀረ ተባይ የተበጠበጠበት መርጫ አይነካ። መርጫው ውስጥ ጥቂት ሻምፖ ጨምራችሁ መኪናውን በሙሉ ርጩትና አምስት ደቂቃ ተዉት፣ ሳይደርቅ ግን አልቅልቁ። የደረቀው አቧራ ሲርስ ያብጣል፣ ራሱን ይለቃል፤ ከአጠባው ሁሉ ትልቁ ሥራ እነዚህ አምስት ደቂቃዎች ናቸው።

ሁለቱ ባልዲዎች ታች ላይ የፕላስቲክ ወንፊት ገልብጣችሁ አስቀምጡ። አሸዋው ከወንፊቱ ሥር ይሰምጣል፣ ጓንቱ አይደርስበትም። ጸጉራም የማይክሮፋይበር ጓንት ከሳሙናው አውጡ፣ ጣሪያውን በቀጥታ መስመር ከፊት ወደ ኋላ እጠቡ። አታዙሩት። ጭረት ቢወጣ እንኳ ቀጥ ያለ ጭረት ብርሃን ላይ እንደ ክቡ አይታይም። አንድ ክፍል ሲያልቅ ጓንቱን ንጹሁ ውሃ ውስጥ ወንፊቱ ላይ ፈትጉት፣ ጨምቁት፣ ወደ ሳሙናው መልሱት። ከጣሪያ ወደ መስታወት፣ ከዚያ ኮፈን፣ የበሮቹ ላይኛው ግማሽ፣ መጨረሻ ላይ ፓራውልቶቹና ከበር በታች ያለው ክፍል። ጓንቱ መሬት ላይ ከወደቀ ጠጠር ይዞ ነው የሚነሳው፤ ቀይሩት ወይም በብዙ ውሃ ገልብጣችሁ እጠቡት።

የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ቻርጅ ላይ እያለ አይታጠብ፤ የቻርጅ መክደኛው በደንብ መዘጋቱን አይታችሁ ጀምሩ፣ የግፊት ውሃም ቀጥታ እዚያ ላይ አታነጣጥሩ።

ማድረቅና የነጭ ነጠብጣቡ ነገር

የከተማው የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ግቢ ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ይጠቀማል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ይበዛዋል፤ ጥርስ የሚያቀልመው ፍሎራይድም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ውሃው ሲተን ማዕድኑ ይቀራል፤ ጥቁር መኪና ላይ የሚታየው ነጭ ክብ ምልክት ይኸው ነው። ስለዚህ በራሱ እንዲደርቅ መተው አይቻልም።

ምን ይሻላል? አሮጌ ካናቴራ ውሃ ይመጥጣል፣ ግን የስፌት መስመሩና የታተመበት ጽሑፍ ይጭራል፤ ስፌቱን ቆርጣችሁ ለበር ውስጥ ጠርዝ ብቻ አድርጉት። ሻሙዋ የሚባለው የቆዳ መወልወያ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ነገር ግን እንደ ስፖንጁ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው፤ የቀረ አሸዋ ካለ ይጎትታል። ወፍራም የማይክሮፋይበር ፎጣ ሁለቱንም ይበልጣል። ፎጣውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ኮፈኑ ላይ በሙሉ ዘርጉት፣ በእጃችሁ ሳትጫኑ ቀስ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ማሸት የለም። ከማድረቃችሁ በፊት የመጨረሻዋን ሁለት ሊትር ውሃ ሳትረጩ በዝግታ ከላይ አፍስሱት፤ ውሃው አንድ ላይ ተያይዞ ይወርዳል፣ የሚደርቀው ጥቂት ይቀራል።

ማይክሮፋይበር በኦሞ ብዙ ጊዜ አይታጠብ፣ ማለስለሻም አይጨመርበት፤ ጸጉሩ ይደፈናል። በፈሳሽ ሳሙና አጥባችሁ ነፋስ የማያቧርበት ቦታ አስጡት። ውጭ ተሰጥቶ አቧራ የጠገበ ፎጣ ከምንም አይሻልም።

አልወርድ ያለ ነገር

የወፍ ኩስ ዩሪክ አሲድ አለበት፤ የፀሐይ ሙቀት ሲጨመርበት ቫርኒሹን በአንድ ቀን ሊበላ ይችላል። የረጠበ ሶፍት አምስት ደቂቃ አስተኙበትና አንሱት፤ በጥፍር አትፈልቅቁት። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ሲመጣ ፊቱ ላይ የሚለጠፈው ነፍሳትም እንዲሁ፦ ሻምፖ የጠጣ ጨርቅ አሥር ደቂቃ።

ሬንጅ በውሃ አይወጣም። እዚህ ላይ ነጭ ጋዝ ቦታ አለው፤ ጨርቅ ጫፍ ላይ ጥቂት ነክራችሁ ጥቁሩ ነጥብ ላይ ብቻ ለግማሽ ደቂቃ ያዙት፣ ጥረጉትና ያንን ቦታ ወዲያው በሻምፖ እጠቡት። ጎማና ፕላስቲክ ላይ አይሁን።

ግንባታ አጠገብ ለሚቆም መኪና ሲሚንቶ ከሁሉ የከፋ ነው። ሳይደርቅ በውሃ ይወርዳል። ከደረቀ በኋላ በቢላ መፋቅ ቀለሙን ይዞ ይነሳል፤ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ጨርቅ ነክራችሁ አሥር ደቂቃ አስተኙበት፣ አልቅልቁ፣ ደግማችሁ ደጋግሙ። በወንጂ በኩል አገዳ ሲቃጠል የሚወርደው ጥቁር ጥላሸት ደግሞ እጅ ሲነካው ይፈረካከስና ይቀባል፤ ጨርቅ ሳያርፍበት በውሃ ብቻ ይወረድ።

ታጥቦም ሻካራ ከሆነ፦ ክሌይ፣ ፖሊሽ ወይስ ዋክስ?

ስስ ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ፣ በታጠበና በደረቀ ኮፈን ላይ በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ አሳልፉት። ባዶ እጅ የማይሰማውን ፌስታሉ ያሰማል። ለስላሳ ከሆነ ወደ ዋክስ እለፉ። እንደ ደረቀ ጨው ከቆረቆረ ቀለሙ ውስጥ የተተከለ ነገር አለ፤ ያንን የሚያወጣው ክሌይ የሚባለው ሊጥ መሰል ነገር ነው። ሩብ እንክብሉን ጠፍጥፉ፣ ሻምፖ ያለበት ውሃ በብዛት ርጩ፣ ሳትጫኑ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ቦታ ላይ ወዲያ ወዲህ አንሸራትቱ። መጀመሪያ ይይዛል፣ ይቆረቁራል፤ ድምፁ ሲጠፋና መንሸራተት ሲጀምር ያ ቦታ አልቋል። ክሌዩን አጥፋችሁ አዲስ ፊት አውጡ። መሬት ላይ ከወደቀ ይጣላል፤ ልታጥቡት አትሞክሩ። በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ራሱ ይጭራል።

ፖሊሽ ከእነዚህ የሚለየው ቫርኒሹን ራሱን በጥቂቱ የሚያሳንስ መሆኑ ላይ ነው። ጭረት የሚጠፋው ዙሪያው ወደ ጭረቱ ወለል ስለሚወርድ ነው፤ ስለዚህ በየወሩ የሚደረግ ነገር አይደለም። በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዝ ጭረት ከፖሊሽ አቅም በላይ ነው፤ አትድከሙበት። በእጅ ለመሥራት 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ቦታ፣ የአተር ፍሬ የሚያክል ሦስት ጠብታና የስፖንጅ ፓድ ይበቃል፤ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩት። ቫርኒሽ በሌላቸው የቆዩ ኮሮላዎች ላይ ፓዱ የመኪናውን ቀለም ይይዛል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የሞተው የላይኛው ሽፋን ነው የሚወጣው። ባለ ቫርኒሽ መኪና ላይ ፓዱ ቀለም ከያዘ ግን ወዲያው አቁሙ፤ ቫርኒሹ አልቋል ማለት ነው።

ዋክስ ቆሻሻ አያነሳም፣ የሚቀጥለው አጠባ እንዲቀልል ያደርጋል። የካርናውባ ዋክስ መልኩ ያምራል፣ የሚቆየው ግን ከአንድ እስከ ሁለት ወር ነው፤ በአዳማ ፀሐይ አንድ ወር ብላችሁ ያዙት። ሰው ሠራሹ ሲላንት ከአራት እስከ ስድስት ወር ይቆያል፣ አቧራም ያን ያህል አይዝም። ሁለቱም ካሉ ሲላንቱን ውሰዱ። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ጣት አሳልፋችሁ ንጹህ መስመር ከተወ ደርቋል፣ ከተቀባ ጥቂት ጠብቁ። ጥቁር የፕላስቲክ ክፍል ላይ እንዳያርፍ፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ክሌይና ፖሊሽ ለመግዛት አቅም ካልፈቀደ ተዉአቸው። ጓንት፣ ሁለት ፎጣና ሲላንት ያለው ሰው ፖሊሽ እያደረገ በደረቅ ጨርቅ ከሚያራግፈው የተሻለ ቀለም ይኖረዋል።

መስታወት

መስታወት ከቫርኒሽ ይልቅ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ችግሩ ከጭረት ይልቅ ብዥታ ነው። ብዥታውም ሁለት ዓይነት ነው፤ የውጩ ማዕድንና የመንገድ ዘይት፣ የውስጡ ደግሞ ዳሽቦርዱ ፀሐይ ሲመታው የሚያተነው የፕላስቲክ ትነት፣ ትንፋሽና ሲጋራ። የውስጡን አብዛኛው ሰው ይዘለዋል፤ ማታ ከፊት የሚመጣ መብራት የሚበተነው በአመዛኙ በእሱ ነው።

በጋዜጣ መወልወል የቆየ ዘዴ ነው፤ ወረቀቱ ስለማይበጣጠስ ለቤት መስታወት ይሠራል። ለመኪና የምንቀንሰው ቀለሙ የበሩን ጎማና ነጩን ጣሪያ ጨርቅ ስለሚያጠቁር፣ ጎንበስ ያለው የፓራብሬዛ ማዕዘን ውስጥም ስለማይገባ ነው። በሱቅ የሚሸጠው የመስታወት ስፕሬይ ጥሩ ነው፤ አሞኒያ ካለበት ግን ፊልም በተለጠፈበት መስታወት ውስጠኛው ገጽ ላይ አይሁን፣ ፊልሙን ያደክመዋል።

ቤት የሚቀላቀለው እንዲህ ነው፦ አንድ ኩባያ ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል፣ አንድ ኩባያ የተጣራ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ። አልኮሉ ቅባቱን ይፈታል፣ ቶሎ ስለሚተንም መስመር አይተውም። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል በአልኮል ፋንታ አይሆንም፤ ግሊሰሪኑ ራሱ ብዥታ ነው። የተጣራ ውሃ ለባትሪ የሚሸጠው ነው፤ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ያው ሱቅ የባትሪ አሲድም ይሸጣል፣ ፕላስቲኩም ይመሳሰላል። ጽሑፉን ሳታነቡ አትግዙ፣ ተከፍቶ የቆየም አትውሰዱ።

ሁለት አጭር ጸጉር ያላቸው ማይክሮፋይበር ጨርቆች ያዙ፣ አንዱ ለማርጠብ፣ ሌላው ለማድረቅ። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ እጠፉት፤ አራት እጥፍ ይሆናል፣ በፊትና በጀርባ እየገለበጣችሁ ስምንት ንጹህ ገጽ ታገኛላችሁ። ውስጡን ከላይ ወደ ታች፣ ውጩን ከግራ ወደ ቀኝ ወልውሉ። መስመር ከቀረ አቅጣጫው በየትኛው በኩል እንዳለ ይነግራችኋል፤ አለበለዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ እየተመላለሳችሁ ነው የምትደክሙት። የበሩን መስታወት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ አድርጉትና ጎማው ውስጥ ተደብቆ የነበረውን የላይኛውን ጠርዝ ጥረጉ። እዚያ የተጠራቀመ የቡና ቀለም ያለው መስመር አለ፤ ያ ካልወጣ መስታወቱ በወጣ በወረደ ቁጥር ይቀባል። የኋላ መስታወት ላይ የሚታዩት ቀይ የማሞቂያ መስመሮች በስሱ የተለጠፉ ናቸው፤ በእነሱ አቅጣጫ ወደ ጎን ብቻ ወልውሉ፣ ምላጭ በፍጹም አይንካቸው።

የድሮ ቦሎ ሙጫው ቀርቶ ከሆነ ግን ፓራብሬዛው ላይ ምላጭ ይሠራል። ሙቅ ውሃ የጠጣ ጨርቅ አሥር ደቂቃ አስደግፉበት፣ መስታወቱ እንደረጠበ አዲስ ምላጭ 30 ዲግሪ ያህል አጋድማችሁ ወደ ፊት ብቻ ግፉት፤ ወደ ኋላ አትጎትቱት። የቀረውን በአልኮል ጥረጉ። ፊልም ካለበት ምላጩን እርሱት።

የውጩ ነጭ ነጠብጣብ በአልኮል አይወጣም። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ጨርቅ አስተኙበት፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ በደንብ አልቅልቁ፣ ወደ ቀለሙ የፈሰሰውንም ጭምር። ካልሲየም ከሆነ ይለቃል። ሁለቴ ተደርጎ ካልለቀቀ ሲሊካ የሚባለው ማዕድን ነው ወይም መስታወቱን በልቶታል፤ የእሳተ ገሞራ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ሲሊካም ይበዛዋል፣ አቼቶ አይፈታውም። ለዚህ ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባለው የመስታወት መፈተጊያ ዱቄት አለ፤ በውሃ እንደ ቀጭን ሊጥ በጥብጡት፣ በፈልት ፓድ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ቦታ ሳይደርቅ እየረጠበ ፈትጉ። በእጅ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አንድ ቦታ አሥር ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። የመጥረጊያ ክንድ የቆረጠውን ጥልቅ መስመር በዚህ ልታጠፉ አትሞክሩ፤ ሾፌሩ የሚያይበት ቦታ ከጎደጎደ መንገዱ ይወላገዳል። ያ መስታወት መለወጥ ነው ያለበት።

በመጨረሻ የመጥረጊያውን ጎማ አንሱ፣ አልኮል በነካው ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥረጉት። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ጥቁሩ እስኪቀንስ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሙት። ከዚያም መስመር የሚተው ከሆነ ጎማው ጠንክሯልና ለውጡት። መኪናው ውጭ አድሮ ፓራብሬዛው አቧራ ለብሶ ሲገኝ መጥረጊያውን በደረቁ አታስነሱ። የማጠቢያው ውሃ ቀድሞ ሦስት አራት ጊዜ ይርጭ፣ ውሃ ከሌለው ከሃይላንድ አፍስሱበት፤ አሸዋው ሲወርድ መጥረጊያው ይነሳ።